ሰዓታችን እኩል ነው፤ ጓደኛዬ ደህና ናት፣ እኔ ግን መላቀቅ አቃተኝ፦ ስብዕና እና የኢንተርኔት ሱስ

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእኔና የዶርም ጓደኛዬ ስልክ የሚመዘግበው ሰዓት ተቀራራቢ ነው፤ በቀን ከ6 እስከ 7 ሰዓት። እሷ ትምህርቷን በጊዜው ትሠራለች፣ በደንብ ትተኛለች። እኔ ግን አሳይመንት የምሠራው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው፤ ሁለት ኮርስ ወድቄያለሁ። ልቀንስ ብዬ ስልኩን ሳስቀምጥ እበሳጫለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። ባለ አራት ፊደል የስብዕና ፈተና ወስጄ ዝምተኛ ዓይነት ሰው መሆኔን ነገረኝ። ችግሩ ስብዕናዬ ነው? ከሆነስ ሊለወጥ ይችላል?»

ምላሽ፦

ስብዕናዎ ድርሻ አለው። ዋናው ተጠያቂ ግን ዝምተኛነትዎ አይመስልም። ከጻፉት ውስጥ ይበልጥ የሚናገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሥራዎ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት መቆየቱ እና ስልኩን ሲያስቀምጡ የሚነሣው ብስጭት። ሁለቱም ሰው ዝምተኛ ሆነ ተጫዋች ሊደርሱበት ይችላሉ።

አስቀድመን የሰዓቱን ነገር እንጨርስ። ከጓደኛዎ ጋር የሚያመሳስላችሁ ቁጥሩ ብቻ ነው። እሷ ሥራዋን ጨርሳ 6 ሰዓት ልትጠቀም ትችላለች፤ እርስዎ ደግሞ ሥራው ሊጀመር በሚገባበት ሰዓት ላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የጌም ሱስን ሲገልጽ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ እየቀደመ መሄዱ፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል። ይህም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የዘለቀና በትምህርት፣ በሥራ ወይም በግንኙነት ላይ ግልጽ ጉዳት ያደረሰ መሆን አለበት። በነገራችን ላይ በጥቅሉ «የኢንተርኔት ሱስ» የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ በዚህ ምደባ ውስጥ የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው 5ኛው መመሪያም ቢሆን የኢንተርኔት ጌምን ብቻ «ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው» ከሚባሉት ጋር ነው ያስቀመጠው። ስሙ ራሱ በቀልድ የተወለደ ነው፤ ኢቫን ጎልድበርግ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1995 ለማሾፍ የጻፈው የበሽታ መግለጫ ነበር። ብዙ ሰው ግን መግለጫው ውስጥ ራሱን አገኘ።

ጉዳዩን የምር አድርገው ካጠኑት ቀዳሚዋ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኪምበርሊ ያንግ ናት። በ1998 ያወጣችው መጠይቅ ከቁማር ሱስ መለኪያ የተቀዳ 8 ጥያቄ አለው፦ ሐሳብ ሁሉ እዚያ መሆኑ፣ ለመርካት ጊዜው እየጨመረ መሄዱ፣ ለመቀነስ ሞክሮ መውደቅ፣ ሲቀንሱ መበሳጨት ወይም መከፋት፣ ካሰቡት በላይ መቆየት፣ ትምህርትን ወይም ግንኙነትን አደጋ ላይ መጣል፣ ስለ አጠቃቀሙ መዋሸት፣ ከችግር ወይም ከመጥፎ ስሜት ለመሸሽ መጠቀም። 5 እና ከዚያ በላይ «አዎ» ችግር መኖሩን ያመለክታል። በደብዳቤዎ ቢያንስ 3ቱ በግልጽ ይነበባሉ፤ የቀሩትን መመለስ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ባለ 20 ጥያቄውን የያንግ መጠይቅ ከኢንተርኔት ላይ አውርደው ከሞሉት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መቁረጫ ነጥቡ ከዕትም ዕትም ይለያያል። አንዱ ችግርን ከ40 ይጀምራል፣ ሌላው ከ50። 45 ያመጣ ተማሪ በአንዱ ጤነኛ፣ በሌላው ባለ ችግር ይባላል። ቁጥሩን ሲያነቡ ዕትሙን አብረው ይዩ።

አሁን ወደ ፈተናው። ባለ አራት ፊደሉ ፈተና ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መሣሪያ አይደለም። ሰውን መሐል ላይ ቆርጦ ከሁለት ጎራ በአንዱ ያስገባዋል፤ መሐል አካባቢ ያለ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲፈተን ፊደሉ ሊለወጥበት ይችላል። የባሰው ጉድለቱ ግን ከኢንተርኔት ሱስ ጋር ይበልጥ የሚያያዘውን ጠባይ ጨርሶ አለመለካቱ ነው። የስሜት መረጋጋትን የሚመለከት ፊደል የለውም።

ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት «አምስቱ ታላላቅ» የሚባሉትን የስብዕና ጠባዮች ነው። ኒውሮቲሲዝም ቶሎ የመጨነቅ፣ የመረበሽና የመከፋት ዝንባሌ ነው። ጥንቁቅነት የምንለው የጀመሩትን መጨረስን፣ ቀን ማክበርን፣ አሁን የሚያስደስተውን ለኋላው ጥቅም ማቆየትን ነው። የቀሩት ተግባቢነት፣ ተስማሚነት እና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ናቸው። በ2016 የታተመ፣ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ኒውሮቲሲዝም ሲጨምር የኢንተርኔት ሱስ ነጥብም እንደሚጨምር፣ ሌሎቹ አራቱ ጠባዮች ሲጨምሩ ደግሞ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ከአራቱ ደጋግሞ ጎልቶ የሚወጣው ጥንቁቅነት ነው። ተግባቢነት ግን ይዋልላል፤ ምክንያቱም «ኢንተርኔት» አንድ ነገር አይደለም። ተግባቢ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይበዛል፤ ጌም ላይ የሚያመሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ሁለቱን ደባልቆ የሚጠይቅ መጠይቅ የሁለቱን ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያጣፋው መሐል ላይ ምንም የሌለ ይመስላል። ዝምተኛነትን ብቻ ይዞ «ምክንያቱ ይኸው» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ተዛምዶው ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ያጋንናል። አንድን የስብዕና ጠባይ ከሱስ ነጥብ ጋር የሚያገናኘው የተዛምዶ ቁጥር (0 ምንም ተዛምዶ የለም፣ 1 ፍጹም ተዛምዶ አለ ማለት ነው) በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 አካባቢ ነው። ቁጥሩን በራሱ ሲያባዙት 0.04 እና 0.09 ይሆናል፤ በተማሪዎች መካከል ካለው ልዩነት ያ ጠባይ የሚያስረዳው ከ4 እስከ 9 በመቶውን ነው ማለት ነው። የቀረው ከሌላ ነው የሚመጣው፦ ከድብርት፣ ከእንቅልፍ፣ ከጓደኛ፣ ከትምህርቱ ክብደት፣ ከስልኩ አሠራር።

ከዚህችም ላይ የሚቀነስ አለ። ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ከኢንተርኔት ሲርቁ ይከፋዎት፣ ይረበሹ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቶሎ የሚረበሽ ሰው ለዚህ ጥያቄ ከፍ ያለ ነጥብ መስጠቱ አይቀርም። ትምህርትዎ ተጎድቷል ወይ ብሎም ይጠይቃል፤ ጥንቁቅነቱ ዝቅ ያለ ተማሪ ኢንተርኔት ባይኖርም ትምህርቱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከተዛምዶው ጥቂቱ መጠይቆቹ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ በመጠየቃቸው የመጣ ነው። ሌላም አለ፦ አብዛኞቹ ጥናቶች ተማሪዎችን አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቁ ስለሆኑ የቱ የቱን እንዳመጣ አይነግሩንም። ለወራት ሌሊት እየነቃ፣ ትምህርቱ እየተበላሸበት የቆየ ሰው የኒውሮቲሲዝም ነጥቡ ከፍ ቢል ምን ይገርማል?

ይህን ሁሉ የምንለው ስብዕናን ከነገሩ ለማውጣት አይደለም። ስብዕና በተለይ የሚጠቅመው ወደ ችግሩ በየት በኩል እንደገቡ ለማወቅ ነው፤ መውጫውም ከመግቢያው ጋር ይያያዛል። ማቲያስ ብራንድና ባልደረቦቹ በ2016 ያቀረቡት፣ ዛሬ በዘርፉ በሰፊው የሚጠቀሰው ሞዴል ነገሩን እንዲህ ያየዋል፦ የግል ጠባይ መነሻ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ስሜት ወይም አጋጣሚ ሲመጣ ሰውየው በራሱ መንገድ ይመልስለታል፤ መልሱ እፎይታ ወይም ደስታ ከሰጠው መንገዱ እየተረገጠ ይጠነክራል፤ ራስን የመግታት አቅም ሲላላ ደግሞ ልማድ ይሆናል። ሰንሰለቱን መቁረጥ የሚቻለው ከየትኛውም ቀለበት ላይ ነው። ከጠባዩ ላይ ብቻ ለመቁረጥ መሞከር ከሁሉም ይከብዳል።

ዩኒቨርሲቲ ይህን ሰንሰለት የሚያፋጥነው ለምንድን ነው? ከዚያ በፊት የተማሪው ሥርዓት ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ ደወሉ፣ የወላጅ ዓይን፣ የየዕለቱ የቤት ሥራ። እነዚህ ሲነሡ ጥንቁቅነት ዝቅ ያለበት ተማሪ ድጋፉ እንደተወሰደ ሐረግ ነው የሚሆነው፤ ማስረከቢያው ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ስልኩ ግን እጁ ላይ። በዚያ ላይ ትምህርቱ ራሱ የሚገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። የሱሱና የሥራው መሣሪያ አንድ ሲሆን «ጨርሶ ተወው» የሚለው ምክር አይሠራም።

የራስዎን መግቢያ ለማወቅ 14 ቀን ይመዝግቡ። የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ምንም አይለውጡ። ስልኩን ሳያቅዱ መክፈትዎን ባወቁ ቁጥር በወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ደቂቃዎች ሲሠሩ የነበሩትን፣ የተሰማዎትን በአንድ ቃል፣ የከፈቱትን መተግበሪያ። ማታ ማታ ስልኩ ራሱ የመዘገበውን ሰዓት ከጎኑ ያስፍሩ። በግምት አይጻፉ፤ በ2021 የታተመ ሰፊ ትንተና ሰዎች ተጠቀምን የሚሉት ጊዜና መሣሪያው የመዘገበው ያላቸው ተዛምዶ 0.38 ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ወረቀቱ ስልኩ ላይ ያለ ማስታወሻ አይሁን፤ ለመጻፍ ከፍተው ሌላ ነገር ውስጥ ይገባሉ። በ7ኛው ቀን ማታ መስመሮቹን ይቁጠሩ። ከግማሽ በላዩ ከከባድ ሥራ በፊት ወይም መሐል ከሆነ መግቢያዎ ሥራን መሸሽ ነው። «ጭንቀት»፣ «ከፋኝ»፣ «ባዶነት» የሚሉ ቃላት ከበዙ ስሜትን መሸሽ ነው። «ብቻዬን» ወይም «አፈርኩ» ከበዛ የሰው ፍራቻ ነው። ምንም ስሜት ሳይኖር የማሳወቂያ ድምፅ ሰምተው ወይም እጅዎ በራሱ ሄዶ ከሆነ ችኩልነት ነው። ብዙ ሰው ሁለት መግቢያ አለው። በብዛት የታየውን ይያዙ።

ሥራን ለሚሸሽ ሰው የተለመደው ምክር ፕሮግራም አውጣ ነው። ይህ ምክር የሚሠራው ጥንቁቅነቱ ቀድሞውኑ ላለው ሰው ነው፤ ለሌላው የሳምንቱ ሠንጠረዥ በ3ኛው ቀን ይፈርሳል፣ ከዚያ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል። ጉልበቱን ከፈቃድ ወደ አካባቢ ያዙሩት። ስልኩ በሥራ ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ መገልበጡ አይበቃም። ለ25 ደቂቃ ይሥሩ፣ 5 ደቂቃ ይረፉ፤ ዕረፍቱ ግን ስልክ ላይ አይሁን፣ የቪዲዮ ሰልፍ ማለቂያ ስለሌለው 5 ደቂቃው 50 ይሆናል። ሥራውን ለመጀመር እስኪያሳፍር ድረስ ያሳንሱት፦ «3 መስመር እጽፋለሁ»። ከዚያ አንድ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ዘዴ ነው፤ «ከራት ተመልሼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ፣ ስልኬን ለዶርም ጓደኛዬ እሰጣለሁ» ዓይነት። ጊዜው፣ ቦታውና ድርጊቱ ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። «ዛሬ ስልክ አላበዛም» ዕቅድ አይደለም። አንድ ብቻ ይያዙ፤ አምስት በአንዴ የያዘ ሰው አምስቱንም ይጥላል። መተግበሪያ የሚዘጋ ፕሮግራም ከጫኑ የይለፍ ቃሉን ጓደኛዎ ትያዘው፤ ራስዎ የሚያውቁት ቁልፍ በር አይዘጋም።

ስሜትን ለሚሸሽ ሰው ደግሞ መዝጋት ብቻውን ጉዳት አለው። ስልኩ የሚያስታግሰው ነገር እዚያው እንዳለ ማስታገሻው ተነሣ ማለት ስለሆነ ወደ ሌላ መተግበሪያ፣ ወደ ቲቪ ወይም ወደ መጠጥ ይዞራል። የሚበልጠው ማዘግየት ነው። ሊከፍቱ ሲሉ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ በነዚያ ደቂቃዎች ስሜቱን በስሙ ይጥሩት፣ ይነሡ፣ ከክፍሉ ይውጡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ አሁንም ከፈለጉ ይክፈቱ፤ ግዝት አይደለም። ፍላጎቱ ማዕበል ነው፣ ይወጣና ይወርዳል፤ ትምህርቱ መውረዱን ማየት ነው። ሐሳብ የሚያብሰለስልዎት ከሆነ ቀን ላይ 15 ደቂቃ ለጭንቀት ብቻ ይመድቡና በወረቀት ያራግፉት፤ ሌሊት ሲመጣ «ሰዓትህ ነገ ነው» ይባላል። ስልኩ ከአልጋው አጠገብ አይደር፤ መንቂያ ደወል ካስፈለገ ተራ ሰዓት ይግዙ። በዚህ መግቢያ ሙከራው የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ራስን መውቀስ ነው። አንድ ቀን ይሸነፋሉ፣ ይወቅሳሉ፣ ወቀሳው ያስከፋል፣ መከፋቱ መልሶ ስልኩ ጋ ይወስዳል። የተሸነፉበትን ቀን እንደ ሌላው ቀን መዝግበው ይለፉት።

ሰው ለሚፈራ፣ ፊት ለፊት ከመነጋገር በጽሑፍ ማውራት ለሚቀልለው ተማሪ፣ የኢንተርኔት ወዳጆቹን መንጠቅ ስሕተት ነው። ያሉት እነሱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ ይሥራ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከክፍል በኋላ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር ማጥናት፣ ቀጥሎ ከሦስት ጋር። እያንዳንዱን ደረጃ ፍራቻው ግማሽ ያህል እስኪቀንስ ይደጋግመው። አንዴ ሞክሮ ማለፍ ፍራቻውን አይቀንሰውም።

ችኩልነት ላይ አጭር ልበል። የችኩልነት ተመራማሪዎች በውስጡ አራት ነገር ይለያሉ፦ ስሜት ሲያይል መቸኮል፣ ሳያስቡ መጀመር፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ አዲስና ደማቅ ነገር መፈለግ። ማሳወቂያውን መዝጋት፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል ማድረግ፣ ከመተግበሪያው ሁልጊዜ መውጣትና የይለፍ ቃሉን በእጅ መጻፍ፣ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ለሁለተኛው ዓይነት ይረዳሉ። ለአራተኛው ግን ሌላ ደማቅ ነገር መተካት ያስፈልጋል፤ ውድድር ያለበት ስፖርት የሚሠራው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከስሜት መሸሽ ጋር ይታከማል። ግዢ ወይም ውርርድ ላይ ከታየ ደግሞ አይቆይ፤ ገንዘብ ሲገባበት ጉዳቱ ቶሎ ነው የሚሰፋው።

ስብዕና ይለወጣል ወይ ላሉት፦ አዎ፣ በዝግታ። በ2017 የታተመ 207 ጥናቶችን የመዘነ ትንተና በአማካይ 24 ሳምንት የወሰዱ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የስብዕና ነጥብን እንደሚለውጡ አሳይቷል፤ ከሁሉም በላይ የተሻሻለው የስሜት መረጋጋት ነው። ያለ ሕክምናም ቢሆን ከ20ዎቹ ዕድሜ ወዲህ ጥንቁቅነት በአማካይ እየጨመረ፣ ኒውሮቲሲዝም እየቀነሰ ይሄዳል። ግን ጠባዩ እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በ2019 ውጤቱ የታተመ ሙከራ የጌም ወይም የኢንተርኔት ሱስ ያለባቸውን 143 ወንዶች ወስዶ ለግማሾቹ 15 የቡድንና 8 የግል ሕክምና ክፍለ ጊዜ ሰጠ፤ ከታከሙት 69.4 በመቶው ከምልክቶቹ ነጻ ሆኑ፣ ሕክምናውን ከጠበቁት ደግሞ 23.9 በመቶው። የተሠራው በወንዶች ላይ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ራስዎ አይውሰዱት፤ መንገዱ ግን ያው ነው፤ አጋጣሚውን መለየት፣ ሐሳቡን መፈተሽ፣ ምላሹን መተካት።

ለእርስዎ ቀጣዩ ሥራ ምዝገባው ነው። ከደብዳቤዎ ግምት ብንሰጥ ሥራን መሸሽ አንደኛ፣ ስሜትን መሸሽ ሁለተኛ ይመስላል፤ ወረቀቱ የተለየ ካለ ወረቀቱን ይመኑ። በ8ኛው ቀን በብዛት ከታየው መግቢያ አንድ እርምጃ ብቻ ይጀምሩና እስከ 14ኛው ቀን ያቆዩት፤ ከዚያ የሁለቱን ሳምንት መስመሮች ያነጻጽሩ። የስልኩ ጠቅላላ ሰዓት ባይቀንስም ከሥራ በፊት የተከፈተው ከቀነሰ ለውጥ ነው።

ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን የከፋዎት፣ ድሮ የሚያስደስትዎ ሁሉ የደበዘዘ፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባ ከሆነ ግን ምዝገባውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ድብርት እያለ ስልክ ላይ ብቻ መሥራት ጭሱን ማባረር ነው። ከልጅነት ጀምሮ ትኩረት መሰብሰብ የሚከብድዎ ከነበረም ይንገሯቸው። የትኩረት ማነስ ችግር ከኢንተርኔት ሱስ ጋር አብሮ በብዛት ይታያል፤ ከውጭ ሲታይም ጥንቁቅነት ማነስን ስለሚመስል ለዓመታት «ስንፍና» ተብሎ ይታለፋል። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ተናግረው አብረው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።